ሰው በበዛበት አዳራሽ ከቆዩ በኋላ «ቫይረስ ይዞኝ ይሆን?» የሚል ጭንቀት

ከሠርግ አዳራሽ በተመለሱ በማግሥቱ፣ አብሮዎት በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጠው ሰው ትኩሳትና ሳል እንደያዘው ሰሙ እንበል። ቤትዎ ውስጥ በዕድሜ የገፉ እናት ወይም ገና ያልተከተበ ጨቅላ ሕፃን ካለ ጭንቀቱ በእጥፍ ይጨምራል። ጉሮሮዎ የተከረከረ ይመስልዎታል፤ ግንባርዎን ደጋግመው ይዳስሳሉ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስድዎትም።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጭንቀት ለያዛቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። የሚመለከተውም በትንፋሽ የሚተላለፉትን የተለመዱ ቫይረሶች ማለትም ጉንፋንን፣ ኢንፍሉዌንዛን፣ ኮቪድ-19ን፣ አር ኤስ ቪንና ኩፍኝን ነው።

በአጭሩ

- ከታመመ ሰው ጋር በአንድ አዳራሽ መቆየት ብቻውን በሽታው ይዞዎታል ማለት አይደለም።
- እያንዳንዱ ቫይረስ ምልክት የሚያሳይበት የታወቀ የቀናት ገደብ አለው። ቀን መቁጠር ጭንቀትን ይቀንሳል፤ መቼ ምን ማድረግ እንዳለብዎትም ያሳያል።
- አብዛኛው ሰው ቢያዝም እንኳ ቤቱ ሆኖ ይድናል። ዋናው ሥራ ለጉዳት የተጋለጡ የቤተሰብ አባላትን መጠበቅና የአደጋ ምልክቶችን ማወቅ ነው።
- በአዳራሹ የነበረው በሽታ ኩፍኝ ከሆነ ግን ጊዜ አያባክኑ። ክትባቱ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

ቫይረሱ በአዳራሽ ውስጥ እንዴት ይተላለፋል?

የታመመ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገር፣ ሲዘምር፣ ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ ቫይረሱን የያዙ ጠብታዎች ከአፍና ከአፍንጫው ይወጣሉ። ትልልቆቹ ጠብታዎች ቶሎ ወደ መሬት ይወድቃሉ። እጅግ ጥቃቅኖቹ ግን በአየር ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚጨስ እጣንን ያስቡ። መጀመሪያ የሚሸተው አጠገቡ ላለ ሰው ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል። መስኮትና በር ሲከፈት ይሳሳል። ቫይረስ የያዘ አየርም የሚሄደው እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አለመታየቱና አለመሽተቱ ብቻ ነው።

ቫይረሱ በእጅም ሊተላለፍ ይችላል። የታመመ ሰው ከነካው ነገር በኋላ እጅን ሳይታጠቡ ዓይንን፣ አፍንጫን ወይም አፍን መንካት አንዱ መንገድ ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥና በአንድ ብርጭቆ መጠጣትም ሰዎችን ያቀራርባል፤ ጉርሻም እንዲሁ።

በዝግ አዳራሽ ውስጥ ምን ሊፈጠር እንደሚችል በደንብ ከተጠኑት ክስተቶች አንዱ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በማርች 10 ቀን 2020 የተደረገ የመዘምራን ልምምድ ነው። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ፤ 61 ሰዎች ተገኝተዋል። ከእነርሱ አንዱ ቀደም ብሎ የጉንፋን ዓይነት ምልክት ጀምሮት ነበር። ከቀሩት 60 ሰዎች 32ቱ በኮቪድ-19 መያዛቸው በምርመራ ተረጋገጠ፤ 20ዎቹ ደግሞ በምልክታቸው እንደተያዙ ተገመተ። ሦስት ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ሁለቱ ሞቱ።

ይህ የሆነው ክትባቱ ከመገኘቱ በፊት ነው። ሰዎቹ ተጠጋግተው ለረጅም ጊዜ ይዘምሩ ነበር፤ ስለዚህ ክስተቱ የከፋውን ገጽታ እንጂ የተለመደውን አያሳይም። ይሁንና ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ዝግ ክፍል፣ ረጅም ቆይታና ከፍ ያለ ድምፅ ሲገናኙ አደጋው እውነተኛ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ሁኔታ ውስጥም እንኳ ያልታመሙ ሰዎች ነበሩ።

ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመቀመጥ፣ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፉም።

የእርስዎ ተጋላጭነት ምን ያህል ነው?

የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራስዎ ይመልሱ።

- ምን ያህል ቆዩ? ደርሶ መመለስና ሙሉ ምሽት መቆየት አንድ አይደሉም።
- አየሩ ይዘዋወር ነበር? ጎኑ ክፍት የሆነ የለቅሶ ድንኳን መስኮቱ ከተዘጋ አዳራሽ ይሻላል። «ንፋስ ይመታናል» ተብሎ መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ታክሲም እንደ ዝግ አዳራሽ ነው።
- ምን ያህል ተቀራርባችሁ ነበር? በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ከመቀመጥ ይለያል። ኩፍኝ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በሽተኛው ከወጣ በኋላም ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በክፍሉ አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል።
- ጭፈራ፣ መዝሙር ወይም ጩኸት ነበር? ድምፅ ከፍ ሲል የሚወጡት ጠብታዎች ይበዛሉ።
- ማስክ ነበር? ሁለቱም ወገን በትክክል ካደረጉ መተላለፉ በእጅጉ ይቀንሳል።
- ተከትበዋል? ክትባት ሁልጊዜ ከመያዝ ባያድንም የጠና ሕመምንና ሞትን ይቀንሳል። የኩፍኝ ክትባትን ሁለት ጊዜ የወሰደ ወይም በሽታው ከዚህ ቀደም የያዘው ሰው በአብዛኛው አይያዝም።

ምልክቱ ስንት ቀን ይቆያል?

የዝግጅቱን ዕለት «ዜሮ» ብለው ማግሥቱን 1ኛ ቀን አድርገው ይቁጠሩ። ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በሚከተሉት ቀናት ውስጥ ነው።

- ተራ ጉንፋን፦ ከ1 እስከ 3 ቀን
- ኢንፍሉዌንዛ፦ ከ1 እስከ 4 ቀን፤ ብዙ ጊዜ በ2ኛው ቀን
- ኮቪድ-19፦ ከ2 እስከ 14 ቀን፤ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት
- አር ኤስ ቪ (በተለይ ሕፃናትንና አረጋውያንን የሚያጠቃ)፦ ከ2 እስከ 8 ቀን፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን
- ኩፍኝ፦ ከ7 እስከ 21 ቀን፤ ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ይቀድማሉ፤ ሽፍታው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይከተላል

ከላይ በተጠቀሰው የመዘምራን ልምምድ የታመሙት ሰዎች ምልክት የጀመራቸው ከ1 እስከ 12 ባሉት ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ መካከለኛው ቁጥር 3 ቀን ነበር።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። ከአዳራሹ በተመለሱበት በዚያው ምሽት የሚሰማዎት የጉሮሮ መከርከር ከዚያ አዳራሽ በተያዘ ቫይረስ የመጣ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ቫይረሱ ለመራባት ጊዜ ይፈልጋል። በሙዚቃ መካከል እየጮኹ ማውራት፣ ጭስ፣ አቧራ፣ መጠጥና የእንቅልፍ ማጣት ጉሮሮን ያደርቃሉ፤ ራስንም ያሳምማሉ።

ቀን በቀን ምን ያድርጉ?

*በዕለቱና በ1ኛው ቀን*

- እጅዎን በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ልብስ ይቀይሩ። ከዚህ ያለፈ ልዩ ጽዳት አያስፈልግም።
- የታመመው ሰው ምን እንዳለው ለማወቅ ይሞክሩ። ኩፍኝ ነው ከተባለ የቤተሰብዎን የክትባት ካርድ ይመልከቱ። ያልተከተበ ወይም መከተቡን የማያውቅ ሰው ካለ በዚያው ቀን ለጤና ተቋም ያሳውቁ። ከተጋለጡ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት በሽታውን ሊከላከል ወይም ሊያቀልል ይችላል። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለጨቅላ ሕፃናትና በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ሐኪሙ እስከ 6 ቀን ድረስ ሊሰጥ የሚችል ሌላ መርፌ ሊያዝ ይችላል። የኩፍኝ ክትባት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።
- በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ዕድሜ ይሰጣል። ከ9 ወር በታች ያለ ሕፃን ገና እንዳልተከተበ ያስታውሱ።

*ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን*

- እነዚህ ለጉንፋን፣ ለኢንፍሉዌንዛና ለኮቪድ-19 ዋና ቀናት ናቸው። የሰውነትዎን ሙቀት ጠዋትና ማታ ብቻ ይለኩ።
- ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ኮቪድ-19 ምልክት ከመጀመሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳይሰማዎትም በእነዚህ ቀናት አረጋውያንንና ጨቅላዎችን ከመሳም ይቆጠቡ፤ አጠገባቸው ሲሆኑ ማስክ ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ። የታመመ ሰው ለመጠየቅ ወይም አራስ ለማየት አስበው ከነበረ በሌላ ቀን ያድርጉት።
- ምልክት ከጀመረዎት ከሥራ፣ ከትምህርት ቤትና ከስብሰባ ይቅሩ። ያለ መድኃኒት ትኩሳቱ ከጠፋና ምልክቶቹ መሻል ከጀመሩ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ ሥራ መመለስ ይችላሉ። ከዚያ በኋላም ለ5 ቀናት በሰው መካከል ማስክ ማድረግ ሌሎችን ይጠብቃል።

*ከ6ኛው እስከ 14ኛው ቀን*

- እስካሁን ምንም ምልክት ከሌለ ኢንፍሉዌንዛ የመሆን ዕድሉ በጣም አናሳ ነው። የኮቪድ-19 ዕድልም በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ14ኛው ቀን በኋላ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቁጠሩት።
- ለኩፍኝ የተጋለጠ ያልተከተበ ሰው ግን እስከ 21ኛው ቀን ድረስ ክትትል ያስፈልገዋል። ትኩሳትና ሽፍታ ከታየ ወደ ጤና ተቋሙ ከመግባትዎ በፊት በስልክ ወይም በር ላይ ላለው ሠራተኛ ይንገሩ፤ ሌሎች ሕፃናት ካሉበት የመጠበቂያ ክፍል እንዲለዩዎት ነው።

ምርመራ መቼ ይጠቅማል?

በማግሥቱ የሚደረግ የኮቪድ-19 ፈጣን ምርመራ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ቫይረሱ ቢኖርም እንኳ መጠኑ ገና ትንሽ ስለሆነ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ምልክት ከሌለዎት ከ5ኛው ቀን ጀምሮ መመርመር ይሻላል። ምልክት ካለዎት ወዲያውኑ ይመርመሩ፤ ውጤቱ «የለም» ካለ ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገሙት።

ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆነ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው እንዲሁም በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ምልክት እንደጀመራቸው ሐኪም ያማክሩ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የበለጠ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ነው፤ የኮቪድ-19 መድኃኒት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት። እነዚህ መድኃኒቶች በሁሉም ቦታ አይገኙም፤ ቢሆንም ቶሎ መጠየቅ አይጎዳም።

ጭንቀት ነው ወይስ ሕመም?

ጭንቀት በሰውነት ላይ እውነተኛ ምልክት ያመጣል። የልብ ምት ይፈጥናል፤ ደረት ይጨንቃል፤ አፍ ይደርቃል፤ ላብ ይመጣል፤ አየር ያጠረ ይመስላል። ስለዚህ «ሁሉም በሐሳብ ነው» ብሎ ራስን ወይም ሌላውን መገሠጽ አይረዳም። የሚከተለው ልዩነቱን ለማየት ያግዛል።

- የጭንቀት የትንፋሽ ማጠር በድንገት ይመጣል፤ ከንፈርንና ጣቶችን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ሰውየው ሲረጋጋ ወይም ሐሳቡ ወደ ሌላ ሲሄድ ይቀላል። የሳንባ ሕመም ሲሆን ግን ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲራመዱ ይብሳል፤ በጊዜ ብዛትም ይከብዳል።
- ጭንቀት የመጋል ስሜት ሊሰጥ ይችላል። በቴርሞሜትር 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከታየ ግን ኢንፌክሽን መኖሩን ያስቡ። በእጅ መዳሰስ አያስተማምንም።
- እየጨመረ የሚሄድ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የማሽተት መጥፋት ከጭንቀት አይመጡም።

እርግጠኛ ካልሆኑ፣ በተለይ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ጭንቀት ነው ብለው ከመተው መታየት ይሻላል።

ጭንቀቱን ለማርገብ የሚከተሉትን ይሞክሩ።

- በአፍንጫዎ ቀስ ብለው አየር ይሳቡ፤ ከሳቡበት ጊዜ ረዘም አድርገው በአፍዎ ያስወጡ። ለ5 ደቂቃ ይደጋግሙት።
- የክትትል ቀናቱን በወረቀት ላይ ይጻፉና ያለፈውን ቀን ይሰርዙ። ገደቡ የሚያበቃበትን ቀን ማየት ያረጋጋል።
- ስለ በሽታው በስልክ መፈለግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ያድርጉ፤ ከመኝታ በፊት ግን ይተዉት።
- ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ። ብቻዎን አይሸከሙት።

የቀናት ገደቡ ካለፈ በኋላም ጭንቀቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ሥራ ከነሳዎት፣ ወይም ከሰው እንዲርቁ ካደረገዎት የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ይህ ዓይነቱ ጭንቀት ሕክምና አለው፤ የድክመት ወይም የእምነት ማነስ ምልክትም አይደለም።

ቤት ውስጥ መታመም ከጀመሩ

ዕረፍት ያድርጉ፤ ፈሳሽ በብዛት ይውሰዱ፤ ከተቻለ ለብቻ ክፍል ይተኙ፤ ካልተቻለ መስኮት ከፍተው ራቅ ብለው ይተኙ። ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል ይጠቅማል። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም (ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ) መብለጥ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰው መጠኑን ፋርማሲስት ይጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል ስለሚይዙ ሁለቱን ደርበው አይውሰዱ።

ትኩስ ሻይ በዝንጅብልና በማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ሳልንም ሊያስታግስ ይችላል። ቫይረሱን ግን አይገድልም። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይስጡ።

ማድረግ የሌለብዎት

- ተርፎ የቆየ አሞክሳሲሊን፣ አዚትሮማይሲን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ አይውሰዱ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ አግባብ ሲወሰድ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል።
- ለልጆችና ለወጣቶች አስፕሪን አይስጡ።
- በዝግ ክፍል ከሰል አያጭሱ፤ ጭሱ ሊገድል ይችላል። የፈላ ውኃ መታጠንም በተለይ ልጆችን ያቃጥላል።
- አረቄ መጠጣት ወይም በረኪና በሰውነት ላይ መቀባት አይከላከልም፤ ይጎዳል።
- የዘወትር መድኃኒትዎን (የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የኤች አይ ቪ) በራስዎ አያቋርጡ።

በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም የሚያስሄዱ ምልክቶች

*ለአዋቂዎች፦*

- የትንፋሽ ማጠር ወይም የማይለቅ የደረት ሕመም
- ግራ መጋባት፣ ለመንቃት መቸገር ወይም ራስን መሳት
- የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር ወይም መገርጣት
- ፈሳሽ መያዝ አለመቻል፣ ሽንት በጣም መቀነስ
- ከተሻለ በኋላ እንደገና የሚመለስ ትኩሳትና የሚብስ ሳል

*ለልጆች፦*

- ጡት መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ
- ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም አለመንቃት
- ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መግባት
- ፈጣን ትንፋሽ፦ በደቂቃ ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፤ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ። ልጁ ሳያለቅስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ።
- ከ3 ወር በታች በሆነ ሕፃን ላይ የሚታይ ማንኛውም ትኩሳት

በኢትዮጵያ ለጤና መረጃ ወደ 8335 ወይም 952፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ወደ 907 መደወል ይቻላል። በውጭ አገር ያሉ በአገራቸው የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ይደውሉ፤ ለምሳሌ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

እናቴ ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ ቤት መልቀቅ አለብኝ?
በአብዛኛው አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ማስክ ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ በተለያየ ሳህንና ብርጭቆ መመገብና አለመሳም ብዙ ይረዳል። ምክንያቱን ለእናትዎ ያስረዱ፤ ዝም ብለው ከራቁ እንደ ኩርፊያ ሊቆጠር ይችላል።

ከታመምኩ ለሌሎቹ እንግዶች መንገር አለብኝ?
አዎ፣ ቢነግሩ መልካም ነው። «ከቅዳሜው ሠርግ በኋላ ትኩሳት ጀምሮኛል፤ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ወይም ሕፃን ካለ ተጠንቀቁ» ማለት ይበቃል። ማን እንዳስያዘ መፈለግ ጥቅም የለውም፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ነው የሚያስተላልፈው። ደጋሹን መውቀስም ሰው ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርጋል።

ሁሉም ምልክት ጠፋ፤ ሳሉ ግን አልለቀቀኝም።
ከቫይረስ በኋላ ሳል ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በተለይ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ።

ከእንግዲህ ለቅሶም ሆነ ሠርግ መሄድ ልተው?
አይተዉ። ከሰው መነጠልም የራሱ ጉዳት አለው። መስኮት ወይም በር አጠገብ ይቀመጡ፤ መስኮት እንዲከፈት ይጠይቁ፤ በየመሐሉ ወደ ውጭ ይውጡ፤ ሕዝብ ሲበዛ ማስክ ያድርጉ፤ ክትባትዎን ያሟሉ። ራስዎ ካሳልዎት ወይም ካተኮስዎት ግን በስልክ አጽናንተው ወይም እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው ቤትዎ ይቆዩ። ስካጂት በነበረው ልምምድ ያ አንድ ሰው ቤቱ ቢቀር ኖሮ የሚተርፈውን ያስቡ።

*ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራንና ምክርን አይተካም። ስለ ራስዎ ወይም ስለ ቤተሰብዎ ሁኔታ የጤና ባለሙያ ያማክሩ።*